ሴቭ ያላደረግኩት ማጠቃለያ

ትናንት የአክስቴ ልጅ የላፕቶፗን ስክሪን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ጌም ልትከፍት ስትል የላፕቶፗ ሲስተም፣ ሊኑክሱ፣ "ላይብረሪ አላገኘሁም" እያለ አስቸግሯታል። "የትኛውን ፋይል ላጥፋ?" ትላለች! "ምንም እንዳታጠፊ፤ መጀመሪያ አንብቢው" ብዬ ጻፍኩላት። እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ከአራት ዓመት በፊት ቤታችንን ምን እንዳደረገችው አውቃለኋ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሐምሌ ነው። ከእንጦጦ በኩል የመጣው ደመና ስምንት ሰዓቱን አመሻሽ አስመስሎታል። ታላቅ እህቴ ሜሮን ለኳየር ልምምድ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች "ላፕቶፑን እንዳትነኪ" አለችኝ። "የመመረቂያ ጽሑፌ ማጠቃለያ ክፍት ነው። ሰኞ ነው የማስረክበው።"

"እኔ ምን አገባኝ!" አልኳት። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፍላሹ ላይ ካራ የምትኖር የክፍል ጓደኛዬ የገለበጠችልኝ የመኪና እሽቅድምድም አለ። እኛ ጋ ጌም ከኢንተርኔት አይወርድም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ችግሩ፣ ጌሙ ሲመጣ የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ፋይሎች፣ ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ይቀራሉ። ሙሽራዋን ልኮ ሚዜዎቹን እንደማስቀረት ነው። ጓደኛዬ ይህን ስላወቀች የራሷን የላይብረሪ ፎልደር እንዳለ ጨምራልኝ "ካስቸገረሽ ሁሉንም ገልብጪው" ብላኝ ነበር።

አስቸገረኝ። የጎደለው አንድ ፋይል ብቻ ነበር፤ ስሙም ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን የሜሮንን የይለፍ ቃል አስገብቼ ሁሉንም ገለበጥኩ። "ነባሮቹን ልተካ?" ሲለኝ፣ አዎ፣ ሁሉንም!

ጌሙ አልተከፈተም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ተርሚናል ላይ የፋይሎቹን ዝርዝር ልይ ብል እሱም እምቢ አለ። ሌላ ትእዛዝ ሞከርኩ፤ ያው መልስ። የጓደኛዬ ፋይሎች ያረጁ ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ምንም አዲስ ፕሮግራም ሊከፈት አልቻለም። ይሄኔ መብራት ጠፋ። በረዶ መስኮቱን መደብደብ ጀመረ።

ባትሪው አርባ ከመቶ ይላል። የሜሮን ማጠቃለያ፣ ሁለት ገጽ፣ ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ነው። ሜሮን ጽሑፍ ሳያልቅ ስም አይወጣለትም ባይ ናት፤ ስም ካልወጣለት ደግሞ ሴቭ የለም። ሠላሳ። አሥራ ስምንት። እንዳትነኪ ብላኛለች፤ ቢያንስ አሁን ልታዘዛት ብዬ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩ። አራት። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና የራሴን ፊት አሳየኝ።

ሜሮን ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ እውነቱን ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወሰን ሰፈር ሄድን፤ ትዕግስት የምትባል ጎረቤታችን እዚያ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ትዕግስት ላፕቶፑን ከራሷ ፍላሽ አስነሥታ ውስጡን አየች።

"የተቀመጠው ሁሉ አለ። የተበላሸው ሲስተሙ ነው።"

"ማጠቃለያውስ?" አለች ሜሮን።

"ሴቭ ካልተደረገ የለም።" ትዕግስት ወደ እኔ ዞረች። "ግን መብራት ከጠፋ በኋላም ስክሪኑ ላይ ነበር አላልሽም? ቀድሞ የተከፈተ ፕሮግራም እኮ መሥራቱን ይቀጥላል። ሴቭ ብትዪው ይቀበልሽ ነበር።"

"እንዳትነኪ ተብዬ..."

"አይ አንቺ!" አለች ሜሮን። "የማይነካውን ሁሉ ነክተሽ፣ እዚያ ላይ ስትደርሺ ጨዋ ሆንሽ?"

ትዕግስት ሳቀች። ሜሮን አልሳቀችም።

እስኪመሽ ድረስ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሜሮን እያስታወሰች ስትናገር እኔ ጻፍኩ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አልመጣ አላት። "የበፊቱ ይሻል ነበር" ትላለች ደጋግማ። ሰኞ አስረከበች፤ አለፈችም።

የመመረቂያ ጽሑፏ ጥራዝ ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች አንዳንዴ አነባቸዋለሁ፤ ጥሩ ናቸው። የጠፉት ምን ይሉ እንደነበር ግን ሜሮን ራሷ ረስታዋለች። እነሱን ሴቭ አድርጎ ለማዳን ሁለት ጣት ይበቃ ነበር፤ እኔ አሥሩንም ደብቄያቸዋለሁ።