የሴቶቹ አዳራሽ ቪዲዮ

ሥራዬ የሴቶችን ሠርግ መቅረጽ ነው። ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ወንድ ስለማይገባ ሂጃቡ ይወልቃል፣ ፀጉር ይበተናል፣ ጭፈራው ይደምቃል። ካሜራ ይዤ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ሰሜራ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከዩቲዩብ የለቃቀምኩት ነው።

አንድ ጊዜ አዋሽ ላይ ሠርግ ቀርጬ ስመለስ ሚሌ ላይ ለምሳ ወረድን። አውቶቡሱ ውስጥ ተመልሼ ብገባ ላፕቶፑ ከነቦርሳው የለም። ለሙሽራዋ ደወልኩ፤ እንዴት ልደብቃት?

"አለቀልኝ በይኛ፣ እቴ!" ብላ አለቀሰች። የእሷም የአማቷም ፀጉር እዚያ ውስጥ ነው። ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ያ ገና ያልሞቀ ትዳር ምን ይውጠዋል?

እናቷ ስልኩን ነጠቋት። "ፓስወርዱን ፕላስተር ላይ ጽፈሽ ጀርባው ላይ ለጥፈሽዋል አይደል?" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኛ ጋ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ የሚደረገው እንዲሁ ነው።

"አልለጠፍኩም፣ እትዬ። ጭንቅላቴ ውስጥ ነው።"

"ቢሆንስ! ሌባው ለሰሪ ከሰጠው ሰብሮ ይከፍተዋል።"

"ይሄ እንደ በር አይደለም። በር ቢሰበር ዕቃው ውስጥ ይገኛል። ኢንክሪፕሽን የሚሉት ግን ዕቃውን ራሱን ይፈጨዋል። ያለ እኔ የምስጢር ቃል ተመልሶ ቪዲዮ አይሆንም።"

"ዱቄት ተመልሶ ማሽላ ይሆናል ልትይኝ ነው?"

"ለሌባው ዱቄት ነው፤ ለኔ ማሽላ።"

"እንግዲህ አላህ ያውቃል" ብለው ዘጉት። አላመኑኝም።

እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ቢገጥሙት የኢንክሪፕሽኑ ቁልፍ ውስጡ እንደነቃ ይቆያል፤ ያኔ ነበር የሚያሰጋው። በአዋሽ ሙቀት ግን ሳያጠፉ ቦርሳ ውስጥ የከተቱት ላፕቶፕ እንደ ፍም ይግላል። ስለዚህ ሁሌም ጥርቅም አድርጌ አጥፍቼ፣ ድምፁ ጭጭ ሲል ነው የምከተው።

አፋር አገር ደግሞ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቶ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ወተት ለምታመጣልኝ አፋር ጎረቤቴ ነገርኳት። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ዞሮ መጣ፦ ሰርዶ ላይ አንድ ባለ ሻይ ቤት የማይከፈት ኮምፒውተር ገዝቶ በንዴት ተቃጥሏል። በማግሥቱ ሄድኩ።

"እህቴ፣ ይሄ ነገር ሞቷል!" አለኝ ሰውየው ገና ሳልቀመጥ። "ሰሪው ሆዱን ከፍቶ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ስክሪኑ ሁሉን አጥፍቼ ፎርማት ላድርገው ወይ ከማለት በቀር ምንም አላሳየውም። መልሶ ገጥሞ ሰጠኝ።"

"አልሞተም፤ እኔን እየጠበቀ ነው" አልኩና ስክሪኑን ከሱ አዙሬ ቃሌን ጻፍኩ። ከፈተ። ወዲያው አጠፋሁት።

"ወላሂ፣ ያንቺ ነው! ውሰጂው፤ ለኔ ሻይ እንኳ አያፈላልኝም።"

አዋሽ ተመልሼ ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጠኋቸው፤ እሱም በኢንክሪፕሽን የሚቆለፍ ነው። ቃሉን እናትየዋ ራሳቸው እንዲመርጡ ነግሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ላፕቶፔ ላይ በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ጻፉ።

"አንቺም አታውቂውም?"

"አላውቀውም። ከረሱት ለርስዎም ዱቄት ነው።"

ሳቁና ልጃቸውን ጠርተው ቃሉን በጆሮዋ አንሾካሾኩላት። ያቺ ስታለቅስ የነበረች ሙሽራ ተነስታ በሩን ቆለፈች፣ ሻሿን ወረወረች።

"በይ ክፈቺውና አሳይን!" አለችኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ?" አልኩና ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋሁላት።