ለቅሶው ላይ ማን እንደተቀመጠ የምትጠይቅ ጠበቃ

እናቴ ቤት ልትገዛ ስትል ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ መከራት፤ ስለ ጠበቃ ያነሳ ግን አልነበረም። አጎቴ «ጠበቃ የሚይዘው የተጣላ ሰው ነው፤ እኛ ከማን ተጣላን?» አለ። ደላላው ደግሞ ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ «ውል የሚጽፍ ሰው አለኝ፤ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል» አለ። እኔ ነገር ቶሎ ሲያልቅ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፤ ቁጭ ብዬ አንድ ብርጭቆ ሻይ መጨረስ ያቅተኛል። ያን ቀን ግን ከእኔ የባሰ የሚቸኩል ሰው ሳይ ደነገጥኩ።

የሚያስደነግጥም ነበር። እናቴ ከስልጤ አገር ሙሽራ ሆና ዲላ ከገባች ጀምሮ በኪራይ ቤት ነው የኖረችው። አባቴ ከሞተ በኋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። አከራይ በተቆጣ ቁጥር ፍራሽ ተሸክመን ሰፈር እንቀይራለን። ለዚህ ቤት የምታወጣው የዕድሜ ልክ ጥሪቷን ነው። ይህ ግዢ ከተበላሸ ሌላ ቤት የሚባል ነገር የለም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ውጤቴ ግን በሩን አላሳለፈኝም። ለተማሪዎቹ አንሶላ እሸጣለሁ። ያም ሆኖ ቤታችን ውስጥ ወረቀት የሚያነብ ሰው ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ጠበቃውን የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኩ።

አጎቴ ሳቀብኝ። «ጨርቅ መሰለሽ እንዴ፣ በእጅሽ ዳስሰሽ የምትመርጪው?»

«አዎ፣ ዳስሼ» አልኩት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጠበቃ ቢሮው አስፋልቱ ዳር ነው፤ ዙሪያውን መስታወት። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ሻጮቹ ካርታ አላቸው?» አለኝ። አላቸው አልኩ። «ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃስ?» እሱም አላቸው። «ታዲያ ምን ቀረ?»

«ቤቱን አያዩትም?» ስለው ሠርግ የጠራሁት ይመስል ፈገግ አለ። «እህቴ፣ እኔ የማየው ወረቀት ነው። ቤቱን እናትሽ ትየው።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ችሎት ላይ ጎበዝ ነው ይባላል። ግን እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ጥቅሉን ሳይዘረጋ የሚገዛ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ገንዘቡ የራሱ አይደለም ብዬ ነው የማስበው።

ስለ ሁለተኛዋ የነገረችን አንዲት ደንበኛችን ነች። ቢሮዋ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት የጌዴኦ ሴት ነች። ገና ስገባ ያየሁት ጫማዋን ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀይ ጭቃ። ጠበቃ በጭቃ ጫማ አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«እርስዎ ነዎት ጠበቃዋ?» አልኳት።

«እርስዎ ስትዪኝ ጥርሴ የወለቀ ይመስለኛል። አንቺ በይኝ። ሻጮቹ እነማን ናቸው?»

ሦስት ወንድምና እህት እንደሆኑ፣ ቤቱን ከአባታቸው እንደወረሱ ነገርኳት። የወራሽነት ማስረጃውን ቅጂ ሰጠኋት፤ አነበበችና ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የአባትየው ለቅሶ የት ነበር የተቀመጡት?»

«እኛ ቤት ልንገዛ ነው እንጂ ለቅሶ ልንደርስ አይደለም።»

እንዲህ ስላት ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ለቅሶውን ሳልደርስ ውል አልጽፍም። ይህ ወረቀት የሚሰጠው ሰዎች ቀርበው ሦስት ነን ሲሉ፣ ምስክርም ሦስት ናቸው ሲል ነው። ለቅሶ ላይ ግን እንዲህ አይሆንም። የሟች ልጅ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ሬሳው ላይ እንደወደቀ፣ ማንን ይዘው እንዳስነሱ ሰፈር አይረሳም።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ጠበቃ አልፈለግኩም።

በማግስቱ ቤቱ ወዳለበት ሰፈር በባጃጅ ሄድን። ወደ ቤቱ አልገባችም። ጎረቤት ያሉ አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ አቮካዶ ደርድረው ይሸጣሉ፤ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና በጌዴኦኛ ጨዋታ ጀመረች። የእኔ ጌዴኦኛ የገበያ ነው፤ «ውድ ነው፣ ቀንሺ» እስከሚባለው ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጠበቃዋ እየተረጎመችልኝ ተከታተልኩ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ አሮጊቷ ጉልበት ተወራ። እኔ ቆሜ እግሬን አፈራርቃለሁ።

«ቁጭ በይ አንቺ፣ ድንጋዩ አይነክስም» አለችኝ ጠበቃዋ።

ስለ ቤቱ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ሟቹን አነሳች። እንዴት ያለ ሰው ነበሩ? ቀብራቸውስ ሰው ነበረው? አሮጊቷ እጃቸውን አጨበጨቡ። መንደሩ አልበቃም ነበር አሉ። ልጆቹን ስም በስም ጠሩ፤ ሦስት። ከዚያ «ገደብ ከተማ ያለችው ደግሞ» አሉ፣ «እሷን እኮ አራት ሰው ነው ይዞ ከሬሳው ላይ ያነሳት። የመጀመሪያ ሚስቱ ልጅ፤ ቁርጥ አባቷን።»

ጠበቃዋ ምንም አልመሰላትም። አቮካዶ መርጣ ገዝታ፣ ጉልበታቸውን እንዲያሳክሙ መክራ ተነሳች። ባጃጁ ውስጥ ስንገባ ብቻ «አራት ናቸው» አለች።

አጎቴ ማታ ይህን ሲሰማ ነገሩ ቀላል ሆኖ ታየው። «ወረቀቱ ሦስት ይላል። እኛ ከሦስቱ እንገዛለን። አራተኛዋ ካለች ከወንድሞቿ ጋር ትነጋገር።» ደላላውም ሌላ ገዢ እንዳለ በስልክ ያስታውሰናል፤ ያ ሌላ ገዢ ሁልጊዜ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው።

ጠበቃዋ ለእናቴ ግልጽ አድርጋ ነገረቻት። «እማማ፣ ዛሬ ቢገዙ የሚከለክልዎት የለም። ግን ልጅቷ አንድ ቀን መጥታ ማስረጃውን ካሰረዘች፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ምናልባት ያሸንፋሉ፤ ምናልባት ፍራሽዎን ተሸክመው ይወጣሉ።»

እናቴ ፍራሽ የሚለውን ስትሰማ ሻርፗን አስተካከለች። «ይቺ ልጅ ትገኝ» አለች። «የሌላ ሰው ሐቅ ባለበት ቤት ሶላቴንስ እንዴት እሰግዳለሁ?»

ወደ ገደብ አብሬያት ሄድኩ። ይርጋጨፌን አልፈን ገደብ ስንወርድ ገበያው ሞልቷል። ልጅቷን ቆጮ ስትሸጥ አገኘናት፤ በእንሰት ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ጠበቃዋ ማን እንደሆነች፣ ለማን እንደምትሠራ ነገረቻት። ልጅቷ መጠቅለሏን አላቆመችም።

«ሸጡት?» አለች።

«ገና ነው።»

«አልነገሩኝም።»

በዚህ ጊዜ እኔ ብሆን ወረቀት አውጥቼ አስፈርም ነበር። ጠበቃዋ ግን «እኔ የገዢዋ ነኝ፤ ያንቺ አይደለሁም» አለቻት። «የምነግርሽን ሁሉ እመኚ አልልሽም። ከመፈረምሽ በፊት የራስሽን ሰው ጠይቂ፤ ዘመድ ይሁን፣ ሌላ ጠበቃ ይሁን።»

መኪና ውስጥ ስንገባ መቻል አቃተኝ። «ምን ነካሽ? እምቢ ብትልስ?»

«እምቢ ካለች እናትሽ ይህን ቤት አትገዛም።»

«እንዲህ ቀላል ነው?»

«ቀላል ነው አላልኩም» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እኔ እስከ ዲላ አኩርፌ መጣሁ። ከመውረዳችን በፊት ግን ማኩረፌ ወደ ሌላ ነገር እየተቀየረ ነበር። ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሠራ በቅርብ አይቼ አላውቅም። እኔ ግልጽ ተናጋሪ ነኝ እያልኩ እመጻደቃለሁ፤ የእኔ ግልጽነት አፌ ላይ ነው፣ የሷ ሥራዋ ላይ።

ከሻጮቹ ታላቅ የሆነውን ወንድምየውን ቢሮዋ ስትጠራው እኔም ነበርኩ። ትጮህበታለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበር ሳበችለትና «የገደብ እህትህን ማስረጃው ላይ ማስገባት ረስታችሁ ይሆናል» አለችው፤ ከእፍረት የሚወጣበትን በር ራሷ ከፈተችለት።

«እሷ እኮ ድርሻ አትፈልግም» አለ።

«እንግዲያው አልፈልግም ስትል ከአፏ እንስማ።»

የገደቧ ልጅ አራተኛ ወራሽ ሆና ገብታ ማስረጃው እስኪስተካከል ብዙ ጠበቅን። ደላላው ሰላምታ ነሳን። አጎቴ በየምሳው «ቤቱ በእጃችን ገብቶ ነበር» እያለ እናቴን ያበግናታል። እኔ ቢሮዋ እየሄድኩ «አለቀ?» ስላት፣ ቀና ሳትል «ሂጂ አንሶላሽን ሽጪ» ትለኛለች።

የፊርማው ቀን ውል በሚጸድቅበት ቢሮ ተሰበሰብን። ሹሙ ሻጮቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ሦስቱ «ተስማምቻለሁ» አሉ። ወደ ገደቧ ልጅ ዞረ። «አንቺስ ተስማምተሻል?»

ዝም አለች።

እናቴ ወንበሯን በሁለት እጇ ያዘች። አጎቴ ላቡን ጠረገ። ወንድምየው «ተስማምታለች፣ ተነጋግረናል» ሲል ጠበቃዋ «የተጠየቀችው እሷ ነች» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሷም ልጅቷን «እባክሽ» አላለቻትም፤ ዓይኗን እንኳን አልጣለችባትም። ጠበቀች።

በመጨረሻ ልጅቷ «ጓሮ ያለው ቡና» አለች። «አባቴ ሲተክለው ውኃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እዚያ ቤት ሳለሁ። አንድ ጊዜ ልልቀመው። ከዚያ የገዢዎቹ ይሁን።»

ወንድምየው «አሁን ይሄ ምን የሚባል ነው!» አለ። ጠበቃዋ ግን ውሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ሹሙን ይቅርታ ጠይቃ፣ እናቴን በዓይኗ ጠየቀቻት። እናቴ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የዘንድሮው የጓሮ ቡና የልጅቷ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ ሊጨመር ሆነ።

አጎቴ አልቻለም። «ቆይ፣ አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«የእህትህ» አለችው። «እህትህ እዚያ ቤት መኖር ትፈልጋለች፤ ይህን ካልጻፍኩላት ዓመት በዓመት ቡናው በቀላ ቁጥር ይህቺን ልጅ ታስባለች።»

ውሉ እንደገና ታትሞ መጣ። ልጅቷ አንቀጿን እንዳነብላት እኔን ጠየቀችኝ። ከወረቀቱ አነበብኩላት፤ ድገሚልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ፈረመች። እናቴ ስትፈርም ስሟ መስመሩን ለቆ ወጣ።

ወጥተን በሩ ላይ ስንቆም ዝናብ ጀመረ። ሦስቱ ወንድምና እህት ባጃጅ ይዘው ሄዱ። እናቴ ልጅቷን ክንዷን ይዛ ጥላዋ ሥር አስገባቻትና ጠየቀቻት፤ «ቡናው መቼ ነው የሚደርሰው? እኔ የጨርቅ ሰው ነኝ፣ አላውቅበትም። ንገሪኝና ያን ቀን ገበያ አልወጣም፤ በሩን እከፍትልሻለሁ።»