በጋቢናው ጣሪያ ላይ ያቆምኩት የነፋስ መከላከያ

ይህን ገጽ ለምትከታተሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም በመኪናችሁ ላይ በገዛ እጃችሁ አንዳች ነገር ለመሥራት ላሰባችሁ ሁሉ፦ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን የምጽፈው እንድትስቁ አይደለም፤ እንድትጠነቀቁ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው... ምክንያቱን ግን አስቀድሜ ላስረዳ።

ባለቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ቁጭ ብላ ረጅም መንገድ መሄድ አይሆንላትም። የቁልቢ ስለት ደግሞ አለባት። የተሳለችው ጥላ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በአሮጌው ፒካፓችን የጭነት ቦታ ላይ፣ ተኝታ የምትሄድበት አነስተኛ ክፍል ከኮምፔንሳቶ ሠራሁላት። ፍራሽ አለው፤ መስኮት አለው፤ መጋረጃም አለው። መነጋገሪያችን ከጋቢናው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። አንድ ጊዜ ካንኳኳች ቀስ እላለሁ፤ ሁለት ጊዜ ካንኳኳች እቆማለሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው ዕለት ማንኳኳቱ ከበሮ ሆነ። ክፍሉ ከጋቢናው በላይ ከፍ ስለሚል ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ይጮኻል፤ ይንቀጠቀጣል። ቆሜ በሩን ስከፍትላት፣

«እዚህ ውስጥ ጅብ አስገብተህብኛል!» አለችኝ። «ይሄ ነገር ዝም ካላለ አልሄድም። ጥላውን ለሰው እሰጣለሁ፤ ያድርስልኝ።»

ባለቤቴ ከዚራ ሰፈር ያደገች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናትና ባሏን «አንተ» ትላለች። ድሬዳዋ ለትንሹም ለትልቁም «አንተ» ባይ ከተማ ናት፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ስለትን በሰው እጅ መላክ ግን በእኔ ቤት የሚታሰብ አይደለም። እርሷም ወድዳ እንዳልተናገረችው ፊቷን ወደ መጋረጃው ስታዞር አይቻለሁ።

መጋላ ገበያ ሄጄ አብዲ የሚባል በያጅ አናገርኩ። በግቢ በር ሥራው የታወቀ ሰው ነው። መበየጃውን ይዞ ቤታችን መጣ፤ በጋቢናው ጣሪያ ላይ ነፋሱን የሚመልስ ላሜራ እንዲያቆምልኝ ነገርኩት።

«አቦ የኔታ፣ እኔ በር እንጂ የነፋስ ነገር ሠርቼ አላውቅም።»

«ነፋስም ያልተጠራ እንግዳ ነው። በር አድርገህ ሥራው።»

«ወላሂ አሁን ገባኝ! መቀርቀሪያ ልግጠምለት?»

«በጣሪያ ማን ይገባል ብለህ ነው?»

«ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው አቦ።»

ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና፣ «ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብታደርጉትስ? ነፋሱ በላዩ ያልፋል» አለች።

«ዘንበል ያለ ነገር በእኔ መኪና ላይ አይቆምም» አልኩ። የኔታ ከመባሌ በፊት በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ እንኳ ግድግዳ ተደግፌ ትምህርት ተቀብዬ አላውቅም። አብዲም ደገፈኝ፤ ዘንበል ያለ በር ሠርቶ እንደማያውቅ በአላህ ስም ማለ። ላሜራው እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቅዳሜ ማለዳ ለሙከራ ወደ ሁርሶ ስንወጣ አብዲ ሥራውን ሊያይ ጋቢና ገባ፤ ባለቤቴም ከኋላ ተኛች። ገና ከከዚራ ሳንወጣ አንድ ባጃጅ ነጂ ከጎኔ ደርሶ፣

«ወሪያ! ቤቱን ከነበሩ ነቅለህ የት ልትሄድ ነው?» አለኝ።

ነዳጁን ረግጬ ቀደምኩት።

ከተማው አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከፊታችን መጣ። መኪናው ከኋላ ሰው የሚጎትተው ይመስል ያቃስት ጀመር። ጩኸቱ ከበፊቱ ባሰ። ግድግዳው ተንኳኳ... ቀስ አልኩ። እንደገና ተንኳኳ... ይብሱን ቀስ አልኩ። በዚህ መካከል ኃይለኛ ነፋስ መጣና ከላያችን «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«የኔታ፣ በሩ የተከፈተ መሰለኝ» አለ አብዲ።

«ዝም በል። ቆሟል» አልኩት፤ ባላየውም።

ከዚያ በኋላ... ጸጥታ ሆነ። ጩኸቱ ቀረ። መኪናው ቀለለው። ማንኳኳቱም ቆመ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ግን ልቤ ፈራ። አልማዝ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። እጄን ወደ ኋላ ልኬ እኔው ግድግዳውን አንኳኳሁ... መልስ የለም። ደግሜ አንኳኳሁ... የለም። መኪናውን ዳር አስያዝኩና ወረድኩ። የኋላውን በር ከፈትኩ።

ተኝታለች። አፏን ከፍታ፣ እጇን ከወገቧ ላይ አንስታ ከራስጌዋ ዘርግታ፣ ከታመመች ወዲህ ያላየሁባትን እንቅልፍ ታንኮራፋለች።

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከኋላ ደግፈው የያዙት ብረቶች ታጥፈው፣ ላሜራው ጫፉን ክፍሉ ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ጋደም ብሏል። ነፋሱ በላዩ ያልፋል።

«አብዲ፣ እንመለስ። ይቃናል» አልኩ።

«እሷ ተኝታ የለም እንዴ አቦ! ምኑ ነው የሚቃናው?»

«ቁልቢን በሚያህል ደጅ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ የተጋደመ ነገር ተሸክሜ አልቆምም። ዛሬውኑ ቀጥ ይላል።»

ድምፃችን ቀሰቀሳት። ቀስ ብላ ወረደች፤ ወገቧን አልያዘችም። ዞራ መጥታ ላሜራውን አየችው። ቀጥላም እኔን አየችኝ... እንደ ላሜራው ሁሉ ከታች እስከ ላይ።

«እንዳትነካው!» አለች። «ጥላውን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። አንተም አንዳንዴ እንዲህ ዘንበል ብትል ኖሮ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ እተኛ ነበር።»