የአባቴ ሙታን ክሮች

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የልብስ ስፌት ሱቄ ከተመለስኩ ጥቂት ቀናት ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ባልነበርኩበት ጊዜ ዝገው የጠበቁኝን መቀሶች በኮምጣጤ ውሃ ስቀቅል፣ የትኩስ ብረትና የኮምጣጤ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታው የያዝኩትን ጨርቅ ጥዬ ቆምኩ። ይህ ያደግኩበት ቤት ሽታ ነው። አባቴ የቤዝ ጊታሩን ክሮች የሚቀቅለው እንዲህ ነበር።

ያኔ ካርቱም ውስጥ አዲስ የቤዝ ክር ማግኘት ጭንቅ ስለነበር ሙዚቀኞቹ ያረጀውን ይቀቅሉታል፤ የጣት ላብና እድፉ ሲለቅ ክሩ እንደገና ይጮሃል። አባቴን ሐበሻው ጋሽ ታምራት፣ ሱዳኖቹ እንደ መምህር አክብረው ኡስታዝ ታሚ ይሉታል፤ የማይጫወተው ነገር አልነበረም። ሐሙስ የሱዳን ሰርግ ላይ ነው፤ ዓርብ በሐበሻ ምግብ ቤት ከአምባሰል እስከ ጉራጊኛ ያስጨፍራል፤ ቅዳሜ ማዮ ሰፈር ወርዶ ከደቡብ ሱዳን ልጆች ጋር ሬጌ ይጫወታል፤ እሑድ ቅዳሴ ቆመን እንኳ ጣቶቹ ትከሻዬ ላይ እየተራመዱ ኪዳኑን ከመስማት ያናጥቡኝ ነበር። የሱዳኑን ምት ከሐበሻው ሳያደባልቅ፣ ለየቤቱ እንደ ቤቱ ልጅ ሆኖ የሚጫወት ሰው ነበር ይላሉ የሚያውቁት።

ልቡ ግን ጃዝ ላይ ነው። ለጃዝ ደግሞ ያልታጠበ ክር ይወድ ነበር፤ ድምፁ ሳይንጣጣ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ከእንጨት ሆድ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ ለዓመታት ውሃ ያልነካቸው፣ በጣቱ ወዝ የጠቆሩ አራት ክሮች በባዶ የሐላዋ ጣፋጭ ጣሳ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር። የሰርጎቹን ክሮች "ሕያዋን"፣ እነዚህን "ሙታን" ብሎ ሲጠራቸው እናቴ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ታማትባለች።

እናቴ ወርቅነሽ ከሙዚቃው ጋር ሳይሆን ከድስቱ ጋር ነበር ጠቧ። አንድ ዓቢይ ጾም ላይ ሽሮው ብረት ብረት አለና አባቴ ክሩን የቀቀለው በእሷ ድስት መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አኮረፈች፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ "ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው" ትለኛለች፤ እሱም "ለእናትሽ እግዜር ይስጥልኝ በያት" ይላል፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ በመሃል አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል፣ ከሰዓት በኋላ ለሻይ ጠጪዎች ጃዝ የሚጫወት ቡድን ቤዝ ተጫዋች ፈለገ። ፒያኒስቱ ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴን ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ እንዲሞክር ጠሩት። ከሆነለት በየቀኑ ጃዝ፣ በየቀኑ አንድ ቦታ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ የተመኘው ነገር እንደሌለ እኛ ቤት የማያውቅ አልነበረም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ ከካልሲዎቼ መካከል፣ አራት ክሮች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ሙታኑ ነበሩ። አባቴ ጣሳውን አልጋ ላይ አውጥቶት ጸጉሩን ሊቆረጥ በወጣበት፣ እናቴ ከፍታ ብታያቸው እንደ ጥላሸት ጠቁረዋል፤ ድስቴን ለመጠየቅ አፍሮ በቆሻሻ ክር ሊሄድ ነው ብላ አዘነችለት። በገዛ ድስቷ ቀቀለቻቸው፣ በአመድ ፈተገቻቸው፤ ስገባ ታዜም ነበር።

አባቴ መጥቶ ገመዱ ሥር ቆመ። የቱ ክር የቱ እንደሆነ ስለማውቅ አፌን ስከፍት እጁን ራሴ ላይ ጣለና ጫን አደረገኝ።

"ወርቄ፣ እንዴት አበሩ!" አላት።

"ሰው ፊት አይደል የምትቀርበው?" አለች፣ በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን እያየች። "ያላ፣ እንዳትዘገይ። ሰናይትን ይዘሃት ሂድ፣ ታይህ።"

እዚያ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ሄድን። ሆቴሉ ውስጥ ገና ሁለት ሦስት ድምፅ እንዳወጣ ከበሮ መቺው ሳቀ። ክሮቹ ይጮሃሉ፣ ይንጣጣሉ፤ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሙዚቃ የሐሙስ ሰርግ አደረጉት። አባቴ መሐረቡን አጣጥፎ ከክሮቹ ሥር ወሸቀ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ድምፁ ታነቀ። ኡስታዝ ኢድሪስ እጃቸውን ከፒያኖው አነሱና አዘን ብለው "ያ ታሚ፣ ድምፅህን የት ጣልከው?" አሉት። "ባለቤቴ አጠበችው" ማለት ይችል ነበር፤ ስቀው ሌላ ቀን ይቀጥሩትም ይሆናል። ግን ወሬው ዞሮ ግቢያችን መድረሱ አይቀርም። "ዛሬ እጄ አልሆነልኝም" አላቸው። ሥራ አስኪያጁ "ኢንሻአላህ እንደውልልሃለን" አለ፤ የሚደውል ሰው ቃል እንዳልሆነ እኔም ገብቶኛል።

በመንገድ ላይ ለእናቴ እንዳልናገር አስማለኝ። ቤት ስንደርስ ሌላ ሰው ይዘው እንደጠበቁት ነገራት። እሷም "ክሩ እንኳ ያን ያህል አምሮ!" ብላ ተቆጨችለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀቀሉን ራሷ ያዘች፣ ለጎረቤት ሁሉ የባሌን መሣሪያ የምይዝለት እኔ ነኝ እያለች ትኮራ ነበር። ከማድቤቷ ያመለጠ ክር ስላልነበረ ዳግመኛ ሙት ክር በቤታችን አልታየም። አባቴም ዕድሜውን በሰርግ ጨረሰ።

እናቴ ከጦርነቱ በፊት፣ ያን ቀን የሆነውን ሳታውቅ ሞተች። ስንሸሽ ገዳሪፍ ላይ አባቴ ሲታመም አጠገቡ ተቀምጬ፣ ክሮቹ የታጠቡ ቀን አልተቃጠልክም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"ተቃጥያለሁ እንጂ" አለ። "ግን ታረቀችኝ እኮ። ሥራ ሌላ ጊዜ ይገኛል ብዬ ነው።" ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስቦ "አልተገኘም" አለኝ።

በሳምንቱ እዚያው ቀበርኩት። እናቴን አልወቅሳትም፣ እሱንም አልወቅሰውም፤ እኔ ብሆን ግን በሩ ላይ ቆሜ ግቢውን በጩኸት አናጋው ነበር። ሱዳኖቹ ዛሬም ሲያገኙኝ የሰርጋችን ቤዝ ተጫዋች ልጅ ይሉኛል፤ በፍቅር ነው የሚሉኝ፣ እኔም አመሰግናለሁ። ካርቱም ግን አንድ የጃዝ ሰው ነበራት፤ አንድ ቀን እንኳ በራሱ ድምፅ ሳትሰማው ቀረች።