በር ላይ የተሰነቀረው ንጉሥ

ፖሊሶቹ ሄደውልኝ ነበር። ፍራሹን ገልብጠው፣ የሟች ባለቤቴን ሣጥን ከፍተው መልሰው በጥንቃቄ ዘግተው፣ አንዳች ነገር አላገኙም። በዚያ ሰሞን ሶዶ ውስጥ መንግሥት ያልወደደው ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ ቤቱ ይፈተሽ ነበር። እኔም በስብሰባው ላይ የኋላ ወንበር ይዤ እንቅልፌን ስለተኛሁ ተራዬ ደርሶ ነው። አለቃቸው «ይቅርታ አባታችን» ብሎ የውጭውን በር ሲከፍት፣ እኔ ቂሉ ከኋላ ጠራኋቸው።

«ቆዩ እንጂ! ይቺን ሳታዩ?»

ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካርቶኑን አውርጄ በእጄ ሰጠኋቸው። ውስጡ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሣልኩት የልጆች መጽሐፍ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው፤ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ በሚወጣ ፊኛ ውስጥ ይጻፋል። ምን ላድርግ፣ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ያየልኝ ሰው የለም። አሳታሚው «የኛ አገር ልጆች አያነቡም» ብሎ ሸኝቶኛል። ጎረቤትም ይመጣል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አውርቶ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ የሚታይ ነገር የሚፈልግ ሰው በገዛ እግሩ ቤቴ ሲመጣ፣ ባዶ እጁን ልሸኘው?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ድሮ፣ በዳሞታ ተራራ አናት ላይ ትልቅ ግንብ በነበረበት ዘመን (ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ) አንድ ሆዳም ካዎ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ይኖር ነበር። አንድ ዘንዶ ደግሞ ከቁርጥ ጋር የምንበላውን ያንን አቃጣይ ዳጣ አንድ ጋን ሙሉ በስሕተት ይውጥና እሳት መትፋት ይጀምራል። ንጉሡ ጦረኛ ይልክበታል፤ ጋሻው የድስት ክዳን፣ የደረት መከላከያው የእንሰት ቅጠል፣ ፈረሱ አልሄድም ስላለው በአህያ የሚዘምት ጦረኛ። ጦረኛው ሲሸሽ ዘንዶው ይከተለዋል። ንጉሡም ሊያመልጥ ሲሮጥ ሆዱ በገዛ ግንቡ በር ላይ ይሰነቀራል። መውጣት አይችል፣ መግባት አይችል። ዘንዶው መጥቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥመዋል። ታሪኩ እዚያ ላይ ቆሟል። መጨረሻውን ገና አላወቅሁትም ነበር።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ንጉሡን ባየች ቁጥር «ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» ትልና ሆዴን በጣቷ ወጋ ታደርገው ነበር።

ፖሊሶቹ ቆመው አነበቡ። አንዱ በጦረኛው ሳቀ፤ ልቤ ሞላ። አለቃው ግን የተሰነቀረው ንጉሥ ላይ ሲደርስ ፊቱን አጠቆረ። የሳቀውም ሳቁን ዋጠ።

«አባታችን፣ ለትንሽ ጥያቄ እንፈልግዎታለን።»

እኔ ደግሞ ለበላይ ሊያሳዩልኝ መስሎኝ የቀረችኝን ፀጉር አበጠርኩ። ባለቀለም እርሳሶቼንም ኪሴ ከተትኩ።

የጣቢያው ትልቁ ክፍል በታሰሩ ወጣቶች ሞልቶ ስለነበር፣ እኔን ዕቃ ቤት በነበረች ክፍል ለብቻዬ አስገቡኝ። «ለዕድሜዎ ክብር ነው» አሉኝ። ክብሩ ናፍጣና አይጥ ይሸታል። መስኮቱ ከላይ አንድ ጡብ የሚያህል ነው፤ ደመናው ሲገለጥ የዳሞታ ትከሻ ይታይበታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሌላ ነገር አይሰማም። ሲያባራ ግን ወጣቶቹ ከማዶ ይዘምራሉ። እነሱ መሐል ገብቼ ጎኔ እስኪላጥ በተጣበብኩ ብዬ ተመኘሁ። ቤቴም ብቻዬን፣ እዚህም ብቻዬን፤ ልዩነቱ ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሳበልኝ። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የንጉሡን ሆድ በእስክሪብቶ ነካ አደረገ።

«ማነው?»

«ንጉሥ።»

«የትኛው?»

«የተረት።»

«በር ላይ መሰንቀሩስ? ከወንበሬ አልነሣም ማለት ነው?»

«ብዙ በልቷል ማለት ነው።»

ይቺን ባልናገራት ይሻል ነበር። ጎንበስ ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ።

«ይስሙኝ አባታችን። ይሄ ከእርስዎ ጭንቅላት አልወጣም። ከስብሰባው ሽማግሌዎች አንዱ ነው ያሣለዎት። ስሙን ይጻፉልኝና ምሳዎን ቤትዎ ይብሉ።»

ከእነዚያ ሽማግሌዎች ሥዕሌን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር በዚህ እንደተቀየምኳቸው ነበር። ግን መቀየም ሌላ፣ ሰው ማሳሰር ሌላ።

«ያስቡበት» ብሎ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

በሬን የሚጠብቀው ፖሊስ የጉኑኖ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው፣ ጢሙ መሸበት ጀምሯል። ሥዕሎቼ ኤግዚቢት ተብለው በእሱ መሳቢያ ነው የሚያድሩት። በሩን ከቆለፈብኝ በኋላ የበሩን ቀዳዳ ከፍቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ልጆቼ ይጠይቃሉ።»

«ምን ብለው?»

«ያ ዘንዶ ንጉሡን በላው ወይስ አልበላውም?»

«ስንት ልጆች አሉህ?»

ከቀዳዳዋ ጢሙ ብቻ ይታየኛል።

«አላገባሁም» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ከበሩ ማዶ ሳቀ። ስንት ዓመት የፈለግሁት አንባቢ መሣሪያ ታጥቆ በሬ ላይ ቆሟል!

«መጨረሻው አልተሣለም» አልኩት። «እርሳሶቼንም ወስደውብኛል።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚፈልጉት አንድ ስም ብቻ አይደል? ይጻፉላቸውና ቤትዎ ገብተው ይጨርሷት። እኔ መጥቼ አያለሁ።»

በክፋት አላለውም። መርማሪው በምሳ ፈተነኝ፤ ሆዴን ያየ ሰው እሱም ቀላል እንዳልነበር ይገባዋል። ይሄኛው ግን በአንባቢ ፈተነኝ። ቁጭ ብዬ የሽማግሌዎቹን ስም አንድ በአንድ አሰብኩ። አንደኛው ስብሰባው ላይ ትከሻዬን ተደግፎ ሲያንኮራፋ ነበር። ትከሻዬ ላይ ምራቁን ጥሎብኛል። እንኳን ንጉሥ ሊያሥል።

ከሰዓት እንደገና ተጠራሁ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ ተቀምጧል። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ከዚያ መሣል ጀመርኩ። በሩን ሣልኩ፣ የተሰነቀረውን ሆድ ሣልኩ። ከዘውዱ ሥር የእኔን አፍንጫ፣ በክር የታሰረ መነጽሬን፣ የጎደለ የፊት ጥርሴን አደረግሁበት። ከግርጌው ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

«ይኸው ስሙ» አልኩት። «ካላመኑ ቀና ብለው ይዩኝ።»

መርማሪው ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ሆዴን አየ። አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተና ወደ በሩ ዞሮ «መልሱት» አለ።

ጀግንነት አይደለም። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ባለቤቴ ብትኖር ትመሰክርልኝ ነበር።

ጠባቂው ቁልፉን እያዞረ «ጻፉላቸው?» አለኝ።

«ጻፍኩ።»

«የማንን?»

«የራሴን።»

«እንግዲህ መጨረሻዋ ቆየች ማለት ነው» አለ። ከዚያ በቀዳዳዋ የተቀቀለ ስኳር ድንች ግማሹን ሰጠኝ። ግማሹን ከማዶ ሲያላምጥ ይሰማኝ ነበር።

ቆየችም። ክረምቱ አልፎ እኔ እዚያው ነበርኩ። ከመፈታቴ በፊት እሱን ወደ ቦዲቲ አዛወሩት። ሊሰናበተኝ ቀዳዳዋን ከፈተና «ጋሼ፣ ዕዳ አለብዎት» አለኝ። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ በዚያ ቤት ስም መጠየቅ አስጠልቶኝ ነበር።

ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደፈቱኝም አልነገሩኝም። ካርቶኑን በሲባጎ አስረው መለሱልኝ። ቤቱ እንደተውኩት ዝም ብሎ ጠበቀኝ። አሁን ቁልፉ በኔ ኪስ ነው፤ ዝምታው ግን ያው ነው።

መጨረሻውን ሣልኩት። ስንቴ ተበላሽቶብኝ ሣልኩት። በገበያ ቀን አጥፌ በደረት ኪሴ እይዝና ቦዲቲ ሄጄ የፖሊሶችን ጢም እያየሁ እዞራለሁ። ዓይኔ ከሩቅ ፊት አይለይም፤ እሱም ተላጭቶት ይሆናል። ባለፈው አንዱ ቆጣ አለብኝ።

«ምን ያዩኛል አባባ?»

«ላጤ ነህ?»

«ሦስት ልጆች አሉኝ!»

«እንግዲያው አንተ አይደለህም» ብዬው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ዘንዶውም ንጉሡም ኪሴ ውስጥ እንደተጣጠፉ አብረውኝ ሶዶ ተመለሱ።

በላው ወይስ አልበላውም ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ቀድሟችሁ የጠየቀ ሰው አለ።