ጋሼ አስፋውና የሚኒያፖሊሱ መርዶ

«የሰው ሞት በስልክ አይነገርም» ሲሉን የኖሩት ጋሼ አስፋው ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ማለዳ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቄን ልከፍት ቁልፍ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ አብሯቸው የሚሠራ ልጅ ከሆስፒታል ደወለና «ጋሼ ልባቸው ቀጥ አለ» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ደንግጧል፣ አጠገባቸው የነበረውም እሱ ብቻ ነው። እኔ የተናደድኩት ስልኩ ላይ ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ያላችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ኒው አልባኒ ባለው መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዱ ውለው፣ ዌስተርቪል ቤታቸው ሳይደርሱ የታመመ የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። የእድራችን መርዶ ነጋሪም እሳቸው ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ሌላው ስለሚፈራ ነው ሥራው እሳቸው ላይ የወደቀው። የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። በሩን የሚከፍተው ሰው ከልብሳቸው እንዳያውቅ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ኮታቸውን በላስቲክ ሸፍነው ከኋላ ወንበር ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ። መኪናውን ራቅ አድርገው ያቆማሉ። የሚያንኳኩት ሁልጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው። «ሰው እንቅልፉን ይጨርስ» ይሉ ነበር፤ «ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አይተኛም።»

ይህ ሥርዓት አንድ ጊዜ ጉድ ሠራቸው። ዛሬ የምጽፈው ያንን ነው። «በሟች ላይ ይህ አይነሳም» የምትሉኝ ካላችሁ፣ እሳቸው ራሳቸው «ስታወሩልኝ ይህችን እንዳትዘሏት» ብለውኛል።

በአንድ ክረምት ምናሴ የሚባል የእድራችን አባል እዚህ በድንገት አረፈ። ዘመድ የሚባል ያለችው እህቱ ሰብለ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሚኒያፖሊስ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። በረዶው ከብዶ በረራ ሁሉ ተሰርዟል። ጋሼ ኮል አደረጉልኝ።

«አንቺ፣ ያቺ ቫንሽ ትነሳለች?»

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ሰብለ ጋ። ሴት ካላቀፈቻት አይሆንም፤ ቶሎ ነይ።»

ሳንቆም ነድተን ሊነጋጋ ሲል ለመድረስ ነበር ሐሳባችን። ኢንዲያናን ሳንጨርስ የመኪናዋ ማሞቂያ ሂተር ሞተ። መስታወቱ ከውጭም ከውስጥም በረዶ ጋገረ። ጋሼ ጋቢያቸውን እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝና በባዶ እጃቸው መስታወቱን ይፍቁ ጀመር። «ኧረ እርስዎ ይልበሱት!» ብላቸው፣ «የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ እኔ ጭነት ነኝ» አሉኝ። ዊስኮንሰን ስንገባ ደግሞ ሞተሩ ግሎ ከፊት እንፋሎት ቡልቅ አለ። እየተጎተትን አንዲት ትንሽ ከተማ ገባን። ጠዋት መካኒኩ ከፍቶ አየና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ወተር ፓምፕ እንደሄደ፣ ዕቃውም ከሌላ ከተማ እንደሚመጣ፣ በዚህ በረዶ መቼ እንደሚደርስ እንደማያውቅ ነገረን።

ጋራዡ ውስጥ የላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ዋልን። ጋሼ መርዶ ይዘው እህል አይቀምሱም፤ ለእኔ ግን ሳንድዊች ገዝተው መጡ። የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ የምናሴ ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ሰብለ ከእኛ በፊት እንዳታየው። ኮለምበስ ደውዬ «ማንም ፖስት እንዳያደርግ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ነግረናል፣ ነግረናል» አሉኝ። መቼም የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ።

ዕቃው ደርሶ መኪናዋ ተሠርታ ሚኒያፖሊስ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። የሰብለ መስኮት ላይ መብራት ይታያል።

«እንግባ» አልኩ።

«መሽቷል።»

«ጋሼ፣ ይሄ አሜሪካ ነው! ሳታይ እንድረስላት እንጂ!»

«በመሸ መርዶ አይነገርም ልጄ። ዛሬን እንኳ ትተኛ። ለእሷ የምንሰጣት ሌላ ምን አለን?»

ተጨቃጨቅን። የመኪናውን በር ድርግም አድርጌ ዘጋሁባቸው። ግን እሳቸውን ጥዬ ብቻዬን ላንኳኳ ነው? ከመንገዱ ማዶ ያለ ሞቴል ገባን፤ ከጎኔ ካለው ክፍል ሲያንጎራጉሩ ይሰማኝ ነበር፣ የተኙም አይመስለኝም።

ሊነጋጋ ሲል ሄድን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሰብለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ማታ ስልኬ ላይ አየሁት» አለች። «ለማን ልጩህ? ጎረቤቶቼን አላውቃቸው። ትራስ ነክሼ አደርኩ።» ከዚያ ጋሼን ቀና ብላ አየቻቸው። «መቼ ገባችሁ?»

እኔ ልዋሽላቸው ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ።

«ትናንት፣ ሳይጨልም። እዚህ ማዶ ነው ያደርነው። መስኮትሽ ይታየን ነበር።»

«መስኮቴ እየታያችሁ?» አለች። ጋሼ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ያነሳቻቸው ሰብለ ናት፤ ወንድሟ የሞተባት እሷ!

በኋላ ወደ ኮለምበስ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ቤት ፈለጉላት፣ ሥራ አስገቧት፤ ከሺፍት ሲወጡ ደጇን ሳይረግጡ አይገቡም ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ይቅር ብያለሁ» ስትላቸው «አንቺማ ብለሻል፤ ያልተውኩት እኔ ነኝ» ይሏታል። ከዚያ ወዲህ መርዶ ሲመጣ ሰዓት አልጠበቁም። በእራት ሰዓትም፣ በጠራራ ፀሐይም አንኳኩ። ሽማግሌዎቹ ሲቆጧቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ሰው ብቻውን እንዳያድር ነው።»

አሁን ለእርስዎ ልንገርዎ ጋሼ። ልጅዎ ሰናይት አትላንታ መሆኗን አስቤ ያን ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ተውኩት። ሰብለና እኔ ጥቁር ልብሳችንን በላስቲክ ሸፍነን ከኋላ ሰቀልንና ወጣን። ኬንታኪ ላይ ዝናቡ መንገድ አላሳይ አለን፤ ቴነሲ ላይ ጎማ ፈነዳብን። አብረውን ቢሆኑ «እኔ ጭነት ነኝ» ብለው ጋቢዎን ይጥሉልን ነበር። ሰብለ መንገዱን ሙሉ ስልኬን ይዛ «እባካችሁ ዛሬን ብቻ ዝም በሉ» እያለች ስትለምን ዋለች።

የሰናይት ደጃፍ ስንደርስ መሽቷል። ያኔ በእርስዎ ላይ በር የዘጋሁት እኔ፣ «ዛሬን ትተኛ ይሆን?» አልኩ። ሰብለ ግን ወርዳ አንኳኳች።

ሰናይት አልሰማችም ነበር ጋሼ። ከእኛው አፍ ነው የሰማችው። ስትጮህ የያዛት ሰው ነበር፤ ሰብለ እስኪነጋ ከእቅፏ አላወጣቻትም።

ልጅዎ ብቻዋን አላደረችም። እንግዲህ እርስዎም ይተኙ።