አባታችንን ሳንጠይቅ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አዳማ ውስጥ መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነበር። ሐኪሙ እኔንና እህቴን ለብቻችን ጠርቶ፣ ከልቡ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ከሥሩ እንደ ፊኛ መነፋቱን ነገረን። የታመመው ክፍል፣ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚዘጋው ቫልቭ ጋር፣ ተቆርጦ ይወጣና በምትኩ ከሁለት አንዱ ይገባል። አንደኛው የብረት ቫልቭ ያለው ነው፤ ቶሎ አያረጅም፤ ግን ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ ክኒን ያስውጣል፤ በእሱ ዕድሜ ደግሞ መድማቱ ያሰጋል። ሁለተኛው ከአሳማ ልብ የተሠራ ነው።

«ለእሳቸው የሚሻለው ይሄ ነው። ግን አትዘግዩ» አለን።

አሳማ ሲባል ክው አልን። አባታችን አንድም ጾም አያፈርስም። ሕመሙንም ቢሆን «ትንሽ ግፊት ነው» ብለን ደብቀነዋል፤ ታዲያ ማን ይንገረው? እህቴ የንስሐ አባቱን ጠየቀች፤ ለሕክምና ከሆነ ምንም አይደለም አሏት። ወንድሜ ከሻሸመኔ ደውሎ «ብረቱ ይሁን» ብሎ ጮኸ። እኔ፣ ጉደኛው፣ ደግሞ ሌላ ቄስ ፍለጋ ቢሾፍቱ ድረስ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ስንንሾካሾክ ቧንቧው ፈነዳ።

ለቅሶ ላይ የጋራዥ ባልደረባው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አባታችሁ ስትንሾካሾኩ ሰምቷችሁ ነበር እኮ» አሉኝ። «‹ከአንዱ መኪና ፈትቼ ለሌላው ስገጥም የኖርኩ ሰው፣ ለእኔስ ከየትም ቢመጣ ምን ቸገረኝ?› ነበር ያለኝ። ታዲያ ለምን አትነግራቸውም ስለው፣ ‹እስኪጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነው› አለኝ።»